የሕሙማንን ማንነት የማያጋልጥ ካርታ እንዴት እንደተዘጋጀ

በየካ አባዶ በአንድ ጤና ጣቢያ የሚለጠፈው የሳንባ ነቀርሳ ካርታ ሕሙማንን በኮንዶሚኒየም ብሎክ ከፍሎ ያሳይ ስለነበር፣ «1» የተጻፈበት ብሎክ ውስጥ የታመመው ማን እንደሆነ ጎረቤት በቀላሉ ሊገምት ይችል ነበር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የበለጠ ጥንቃቄ ከሚሹት ስለሚመድበው፣ ስም አለመጻፉ ብቻ አያድንም።

ከ5 በታች የሆኑትን ቁጥሮች በኮከብ ምልክት መሸፈን የተለመደ ዘዴ ነው፤ ሆኖም ጠቅላላ ድምሩ ሳይነካ ከቀረ የተሸፈነው በመቀነስ ይገኛል። ድምሩ 23፣ የሚታዩት ሦስት ብሎኮች 9፣ 7 እና 6 ከሆኑ፣ ኮከቡ 1 መሆኑን ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ያሰላዋል (ጊዜውም አለው)። ስለዚህ ከመሸፈን ይልቅ አጎራባች ብሎኮችን በማዋሃድ እያንዳንዱ ቀጠና ቢያንስ 5 ሕሙማን እንዲኖሩት አደረግኩ። የቀጠናዎቹ ወሰን በየሩብ ዓመቱ ቢቀያየር ሁለት ካርታዎችን በማነጻጸር ልዩነቱን ማውጣት ስለሚቻል፣ ወሰኑን ቋሚ አደረግኩት።

ማተሚያው ጥቁርና ነጭ ብቻ በመሆኑ ቀለሞቹን በነጠብጣብና በሰያፍ መስመር ተካሁ። ኃላፊው የፈለጉት የብሎክ ዝርዝር ግን በይለፍ ቃል ተቆልፎ፣ ሕሙማኑን ለሚከታተሉት ባለሙያ ብቻ ክፍት ሆኗል።