ተከራዩን ከመውቀስ በፊት ቤቱን መፈተሽ፦ ለድሬዳዋ አከራዮች ችግርና መፍትሔ

ድሬዳዋ ላይ አከራይና ተከራይ የሚጣሉበት ነገር ብዙውን ጊዜ የጠባይ ጉዳይ ይመስላል። ተከራዩ «ውሃ የለም» ይላል፣ አከራዩ «አባካኝ ስለሆንክ ነው» ብሎ ይመልሳል። ቤቱ ሲፈተሽ ግን ጥፋቱ ከሁለቱም ላይ አይገኝም። የከተማዋ ውሃ ቧንቧ ውስጥ ድንጋይ ይጋግራል፣ ሙቀቱ ጎማውን ያደርቃል፣ አንድ ቆጣሪ አራት ቤት ተሸክሞ ይከርማል። ስለዚህ ከሚታየው ምልክት ተነስተን ወደ ምክንያቱ እንሂድ።

ታንከሩ ሙሉ ነው፣ ቧንቧው ግን ይንጠባጠባል

የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት ቧንቧ ውስጥም ይጋገራል። ውሃው በሞቀ ቁጥር ቅርፊቱ ስለሚበዛ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ታንከር ነገሩን ያባብሰዋል።

የተዘጋበትን ቦታ ለማወቅ 20 ሊትር ጀሪካን በቂ ነው። መጀመሪያ ከታንከሩ መውጫ ላይ ይሙሉትና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይያዙ። ቀጥሎ ከማድቤቱ፣ ከዚያ ከመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ይሙሉት። ከመውጫው ላይ ቀስ ብሎ ከሞላ የተዘጋው የታንከሩ አፍ ወይም እዚያው ያለው መዝጊያ ነው። መውጫው ላይ በ2 ደቂቃ ሞልቶ ውስጥ ባሉት ቧንቧዎች ሁሉ 8 ደቂቃ ከፈጀ መስመሩ ጠቧል። አንዱ ቧንቧ ብቻ ከደከመ ደግሞ ችግሩ አፉ ላይ ያለው ትንሽ ወንፊት ነው።

ለወንፊቱና ለሻወር ራስ መድኃኒቱ አቼቶ ነው። ነቅለው አቼቶ ውስጥ ያሳድሩትና ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ይፈትጉት። የማይነቀል ከሆነ አቼቶ የያዘ ፌስታል አፉ ላይ አስረው ያሳድሩ። አቼቶና በረኪና በፍጹም አይቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የባትሪ አሲድ የሚያዝዙ ሰዎች አሉ፤ እሱ ቅርፊቱን ብቻ ሳይሆን ብረቱንም ይበላል፣ ዓይንና ቆዳም ያቃጥላል።

መስመሩ የጠበበ ከሆነና የድሮ ግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ ከሆነ ማጽዳቱ አያዋጣም። በፒፒአር (የፕላስቲክ) ቧንቧ ይቀይሩት፦ ከታንከሩ እስከ መከፋፈያው ባለ ሦስት ሩብ ኢንች፣ ወደየክፍሉ ባለ ግማሽ ኢንች። ታንከሩ ላይ ሦስት ነገሮች ይስተካከሉ። መውጫው ከወለሉ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ዝቃጩ ወደ ቤት እንዳይገባ። ከታች ማጠቢያ መዝጊያ ይኑረው፣ በየ6 ወሩም ይታጠብ። ከላይ በቆርቆሮም ሆነ በሰሌን ጥላ ይደረግለት።

ቁመቱንም ማየት ያስፈልጋል። ውሃ በራሱ ሲወርድ ግፊቱ የሚገኘው ከከፍታው ብቻ ነው። 2 ሜትር መቆሚያ ላይ ያለ ታንከር 2 ሜትር ላይ ላለ ሻወር ራስ የሚሰጠው ግፊት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አዲስ መቆሚያ የሚያሠራ ሰው የታንከሩን ወለል ከሻወሩ ቢያንስ 3 ሜትር ከፍ ያድርገው።

የውሃ ሒሳቡ በድንገት አሻቀበ

ማታ ተከራዮች ከተኙ በኋላ ቧንቧ ሁሉ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፣ ንጋት ላይ ማንም ውሃ ሳይከፍት መልሰው ያንብቡት። ቁጥሩ ከሄደ ውሃ እየፈሰሰ ነው። ታንከር ያለበት ቤት ግን ታንከሩ ሞልቶ ካላደረ ምርመራው ያሳስታል።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሽንት ቤቱ የውሃ ሳጥን ነው፤ ቅርፊቱ ጎሚኒው (ውሃውን የሚዘጋው ጎማ) እንዳይገጥም ያደርገዋል። ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምረው ውሃውን ሳይለቁ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ጎሚኒውን ቀይረው የሚያርፍበትን ቦታ በአቼቶ ያጽዱ። ታንከሩ ላይ ያለው ኳስም በቅርፊት ተይዞ ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። ግድግዳው ከሥሩ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ከተላጠና ነጭ ጨው ካወጣ ደግሞ ቀለም ከመግዛት በፊት አጠገቡ የሚያልፈውን ቧንቧ ያስፈትሹ። ርጥበቱ ሳይቆም የተቀባ ቀለም ተመልሶ ይላጣል።

ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ይወድቃል

የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይፈጃል፣ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ተራ ሶኬት የሚችለው ቢበዛ 16 ነው። ስለዚህ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ የፕላስቲክ ጠረን ይመጣል፣ ብሬከሩም ይወድቃል። እዚህ ላይ የሚፈጸመው አደገኛ ስህተት ብሬከሩን ብቻ በትልቅ መቀየር ነው። ያኔ ብሬከሩ መውደቁን ያቆማል፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ግን መቃጠል ይጀምራል።

ትክክለኛው ጥገና ለምጣዱ ብቻ የሚሆን መስመር መሳብ ነው፦ ከማከፋፈያው ሳጥን ቀጥታ የሚመጣ 4 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) የመዳብ ሽቦ ከነመሬት ሽቦው፣ የራሱ 25 አምፔር ብሬከር፣ ለምጣድ የሚሆን ወፍራም ሶኬት። 2.5 ካሬ ሽቦ በድሬዳዋ ሙቀት፣ ያውም ቱቦ ውስጥ ታፍኖ፣ ለዚህ ሥራ አይታመንም። ይህን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ውሉ ላይም ምጣድ የሚሰካው እዚያ ሶኬት ላይ ብቻ መሆኑ ይጻፍ።

በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ተከራዮች በየወሩ ይጨቃጨቃሉ

በሰው ቁጥር ማካፈል ፍትሐዊ ይመስላል። አንዱ ቤት ፍሪጅና ምጣድ፣ ሌላው አንድ አምፖል ካለው ግን ጠቡ አይቀርም። ለየቤቱ ንዑስ ቆጣሪ ያስገቡ፣ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ከተከራዩ ጋር አብረው ያንብቡ። የዋናውን ሒሳብ በዋናው ኪሎዋት ሰዓት ያካፍሉና ውጤቱን በእያንዳንዱ ቤት ፍጆታ ያባዙ። የንዑሶቹ ድምር ከዋናው ያነሰበት ልዩነት የግቢው መብራትና የፓምፕ ነው፤ እሱን አከራዩ ቢሸከም ሰላም ይገዛል። ልዩነቱ ከዚያ ካለፈ ግን አንድ መስመር ከንዑስ ቆጣሪዎቹ ውጭ ተጠልፏል ማለት ነው።

የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እያደረገ እንደሚሄድም አይዘንጋ። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲገባ ሁሉም በውዱ እርከን ይከፍላሉ። ከተቻለ ለየቤቱ የራሱን ቆጣሪ ማመልከት ይሻላል።

ተከራይ ሚያዝያ ላይ ይገባል፣ ሰኔ ላይ ይወጣል

ይህ የሙቀት ጉዳይ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በእነዚያ ወራት መተኛት ከባድ ነው። ኮርኒስ ማስገባት ይረዳል፣ ከጣራውና ከኮርኒሱ መካከል ያለው አየር ካልወጣ ግን ሙቀቱ ማታ መልሶ ይወርዳል። በሁለቱም ጫፍ ግድግዳ ላይ ከኮርኒሱ በላይ ወንፊት ያለው መተንፈሻ ይከፈት። ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀለም መቀባት ከሁሉም በላይ ርካሽና ውጤቱ ቶሎ የሚታይ ሥራ ነው።

የጣራ ፋኑ ድምፅ እያሰማ ቀስ ብሎ የሚዞር ከሆነ ፋኑን አይጣሉት። ብዙ ጊዜ ካፓሲተሩ ደክሟል፣ ሙቀት ያደክመዋል። በላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይተው (2.5 ማይክሮፋራድ የተለመደ ነው) ያንኑ ይግዙ። ከመንካትዎ በፊት ብሬከሩን ያውርዱ።

ክረምት ሲመጣ

ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚያፈስ ጣራ አብዛኛውን ጊዜ የተቀደደ ቆርቆሮ የለውም። የሚስማሩ ጎማ በፀሐይ ደርቆ ተሰንጥቋል። ሬንጅ መቀባት ለአንድ ክረምት ነው። ሚስማሩን ነቅሎ ከእሱ በትንሹ የሚወፍር ባለ ጎማ ብሎን ማስገባት ይሻላል። ከሰኔ በፊት አሸንዳው ይጠረግ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ለሚያከራይ ሰው በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ የማይረሳ ነው፤ ቆጣሪና ሶኬት ከወለል ከፍ ተደርጎ ይተከል፣ ተከራዩም ማታ በየት በኩል እንደሚወጣ ይነገረው።

ፍሳሽ ሲዘጋ አንዱ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ቧንቧው ተደፍኗል፣ ሁሉም ከሆነ ጉድጓዱ ሞልቷል። ለቧንቧው መዘጋት የተለመደው ምክንያት የቡና አተላና ገረባ (የጫት ትራፊ) ነው፤ ለገረባ ግቢው ውስጥ አንድ በርሜል ያስቀምጡ። አዲስ መስመር ሲዘረጋ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ።

ኪራዩ ይዘገያል፣ «ከፍያለሁ አልከፈልክም» ይባላል

ምክንያቱ የቃል ውልና በእጅ የሚሰጥ ብር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። አከራይ በፈለገ ሰዓት ዋጋ መጨመር አይችልም። ባንክ መጠቀም ለአከራዩም ጥበቃ ነው፣ የባንኩ መዝገብ ክርክሩን ይዘጋዋል።

ተከራዩ አማርኛ በደንብ የማያነብ ከሆነ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ምስክሮች ባሉበት በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ይነበብለት። ያልገባው ሰው የፈረመው ውል ኋላ ላይ የጠብ ምንጭ ነው።

ከውሉ ጋር የርክክብ ወረቀት ይያያዝ፦ የውሃና የመብራት ቆጣሪ ቁጥር፣ የቁልፍ ብዛት፣ የፋን፣ የሶኬትና የመስታወት ሁኔታ፣ የእያንዳንዱ ክፍል ፎቶ ከነቀኑ። ተከራዩ ሲለቅ ያው ወረቀት ይዘው ሁለታችሁም ክፍል በክፍል ይዙሩ። የመጨረሻውን የቆጣሪ ንባብ ዕቃው መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ያንብቡ።