ጌም መሃል የሚጠፋ ኮምፒውተር፦ አወዳደቁን አይቶ ምክንያቱን ማግኘት

ኮምፒውተር ጌም ላይ ሲያስቸግር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፎርማት ነው። እኔም ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንኩ፣ ድራይቨሩን (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበትን ፕሮግራም) ቀየርኩ፣ ጌሞቹን ሌሊቱን ሙሉ መልሼ አወረድኩ። በማግስቱ ውጊያው ሲፋፋም ድርግም ብሎ ጠፋ። በመጨረሻ የእጅ ባትሪ ይዤ ኬዙን ከፈትኩት። ግራፊክስ ካርዱ ሁለት የኃይል ቀዳዳ አለው። ሁለቱም የተሰኩት አንድ ገመድ ላይ ባሉ ሁለት ራሶች ነበር። ለዕቃዎቹ ኃይል ከሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ከፓወር ሰፕላዩ፣ ሌላ ገመድ አምጥቼ ለየብቻ ሰካኋቸው። ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም።

ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ኮምፒውተር በአወዳደቁ እንደሚናገር ነው። ድርግም ብሎ የሚጠፋውም፣ ሰማያዊ ስክሪን የሚያወጣውም፣ ጌሙን ብቻ የሚዘጋውም ሁሉም "ክራሽ አደረገ" ይባላል። ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ወረቀት አምጡና ጻፉ። የትኛው ጌም ነው? በተከፈተ በስንት ደቂቃው? ድምፁ ቀጥሎ ነበር? ፋኑስ ይዞር ነበር? አምስት ጊዜ ያህል ከመዘገባችሁ መልኩ እየለየ ይመጣል።

ከዚያ ሁሉንም ነገር ወደ መደበኛው መልሱ። ፕሮሰሰሩን ወይም ካርዱን ኦቨርክሎክ አድርጋችሁ፣ ማለትም ከመደበኛው ፍጥነት በላይ እንዲሠራ አድርጋችሁ ከሆነ አጥፉት። ቮልቴጅ ቀንሳችሁ ከሆነም እንደዚያው። ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር ውስጥ) ያለውን ኤክስኤምፒ (XMP) ወይም ኤክስፖ (EXPO) የሚባለውን የራም ፍጥነት ፕሮፋይልም ዝጉት። ብዙ ሰው ይህን እንደ ኦቨርክሎክ አያየውም፤ ነው እንጂ። ራሙ የተሸጠበት ፍጥነት ቢሆንም ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ይችሉታል ማለት አይደለም። ይህን ብቻ አድርገው የተገላገሉ ብዙ ናቸው።

ድርግም ብሎ ሲጠፋ ወይም በራሱ ሪስታርት ሲያደርግ

ምንም መልእክት ሳያወጣ ከጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኃይል ነው። ብዙዎች ሙቀት ይላሉ። የዛሬ ፕሮሰሰሮችና ካርዶች ግን ሲግሉ መጀመሪያ የሚያደርጉት ፍጥነታቸውን መቀነስ ነው። የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች እስከ 95 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ እስከ 100 ዲግሪ እንዲችሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። በሙቀት የሚጠፋ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ከመጥፋቱ በፊት ይጎተታል፣ ፋኑም ይጮኻል። እየሠራ ያለ ሰው ያስተውለዋል።

ዊንዶውስ የሆነውን የሚመዘግብበትን ኢቨንት ቪወርን (Event Viewer) ከፍታችሁ "ከርነል ፓወር 41" (Kernel-Power 41) የሚል ብታገኙ አትደንግጡ። ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ተነሣ ማለት ብቻ ነው። ምክንያቱን አይነግራችሁም።

ለመለየት የምወደው ሙከራ ቀላል ነው። እንደ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ባለ ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 70 በመቶ አውርዱት። የጌሙን ፍሬም በሰከንድ 60 ላይ ገድቡት። ያንኑ ጌም፣ ያንኑ ቦታ ተጫወቱ። መጥፋቱ ከቆመ ጣታችሁን ፓወር ሰፕላዩና ገመዱ ላይ አድርጉ። ካርድ ለቅጽበት፣ ከአንድ ሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ፣ ከተጻፈለት ዋት በጣም የበለጠ ሊስብ ይችላል። ያረጀ ወይም አነስተኛ ፓወር ሰፕላይ ይህን እንደ አደጋ ቆጥሮ ራሱን ያጠፋል። አማካይ ፍጆታው ደህና ሆኖ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ባለ 8 ፒኑ የኃይል ራስ የተሠራው ለ150 ዋት ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ ደግሞ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ካርዳችሁ ሁለት ራስ ከጠየቀ ሁለት ገመድ ስጡት። አዲሶቹ ካርዶች ላይ ያለውን ባለ 16 ፒን ራስ እስከ መጨረሻው ግፉት፤ ክፍተት ከቀረ እስከ መቅለጥ ይደርሳል። የሶኬት ማከፋፈያውንም ከመሃል አውጡና ኮምፒውተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ይጎዳል።

ሙቀት ሆኖ ከተገኘ መፍትሄው አቧራ ማጽዳት፣ ፋኖቹ መዞራቸውን ማየት፣ ዓመታት ካለፉት በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ቴርማል ፔስት መቀየር ነው። አቧራውን በአየር ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት። በነፋሱ ኃይል ከልክ በላይ ከዞረ ሊበላሽ ይችላል።

ሰማያዊ ስክሪን ሲያወጣ

ስልካችሁን አዘጋጁና ኮዱን ፎቶ አንሱት። ሁልጊዜ ያው ኮድ ከሆነ ወደ አንድ ቦታ ይመራችኋል። በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው፣ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ራም ነው። የተበላሸ ራም እጁ ያልገባበት ነገር የለም። የታመቀ ፋይል ሲፈታ ስህተት ይመጣል፣ ብራውዘር ይዘጋል፣ ጌም "ፋይሉ ተበላሽቷል" ይላል።

ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት86ን (MemTest86) ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ኮምፒውተሩን በእሱ አስነሡ። ማታ ጀምሩትና ተኙ። ጠዋት አንዲት ስህተት እንኳ ካያችሁ ራሙ አላለፈም። "አንድ ብቻ ናት" ብሎ ማለፍ አይሠራም። ከዚያ አንዱን ራም አውጥታችሁ ሌላውን ለብቻው ፈትኑት፣ ቀጥሎ በተራው። ሁለት ራም ካላችሁና ማዘርቦርዱ አራት ማስገቢያ ካለው፣ በአብዛኛው ትክክለኛው ቦታ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው። የማዘርቦርዱን መመሪያ አይታችሁ አረጋግጡ። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ የኬዙንም ብረት ንኩ።

ኮዱ ላይ "ዊያ" (WHEA) የሚለው ስም ካለ ስህተቱን ያመለከተው ሃርድዌሩ ራሱ ነው። ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ወይም የሚደርሰው ቮልቴጅ ነው። ባዮሱን አሻሽሉ፣ ቅንብሩን ወደ ፋብሪካው መልሱ።

ጌሙ ብቻ ተዘግቶ ወደ ዴስክቶፕ ሲመልስ

አንድ ጌም ብቻ ከሆነ ጥፋቱን ጌሙ ላይ ፈልጉ። ፋይሎቹን አስፈትሹ፣ ሞድ (ጌሙን ለመለወጥ ከውጭ የተጨመረ ፋይል) ካለ አውጡ፣ ጌሙ ላይ ተደርበው የሚታዩ ፕሮግራሞችን ዝጉ።

የኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ያላችሁ ግን ይህን በጥንቃቄ አንብቡት። ካርዱ በቂ ሜሞሪ እያለው ጌሙ "የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል" ብሎ ከተዘጋ፣ በተለይ ሼደር (ምስሉን የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ሲያዘጋጅ፣ ካርዱን አትውቀሱት። ከእነዚህ ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ፣ በተለይ ከፍተኛዎቹ፣ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እየደረሳቸው ቀስ በቀስ ይጎዱ እንደነበር ኢንቴል ራሱ አምኗል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮም ማስተካከያ በባዮስ በኩል አውጥቷል። ማስተካከያው ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ባዮሱን አሻሽላችሁ ችግሩ ካልቆመ ፕሮሰሰሩ መቀየር አለበት። ኢንቴል በሳጥን ለሸጣቸው ዋስትናውን በ2 ዓመት ስላራዘመው፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ዋስትናውን ጠይቁ።

ስክሪኑ ጠቁሮ ድምፁ ሲቀጥል

ኮምፒውተሩ አልሞተም፤ የጠፋው ምስሉ ነው። ዊንዶውስ ካርዱን 2 ሰከንድ ያህል ጠብቆ መልስ ሲያጣ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣዋል። ካልተሳካለት ጨለማው ይቀራል። መጀመሪያ የሞኒተሩን ገመድ ቀይሩ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቀጥሎ ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ በሚነሣበት ሴፍ ሞድ ገብታችሁ ዲዲዩ (DDU) በሚባለው ፕሮግራም ድራይቨሩን ከሥሩ አጽዱና እንደገና ጫኑት። ችግሩ የመጣው ከአዲስ ድራይቨር በኋላ ከሆነ የቀደመውን መልሱ። በመደበኛ ፍጥነቱ እየሠራ ባለቀለም ነጠብጣብና አራት ማዕዘን ስክሪኑ ላይ የሚበትን ካርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የገዛ ሜሞሪው እየሞተ ነው። ድራይቨር አያድነውም።

ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ ብሎ ሲመለስ

ዲስኩን እዩ። ክሪስታልዲስክኢንፎ (CrystalDiskInfo) የሚባለው ፕሮግራም ጤንነቱን ያሳያችኋል። "ጥንቃቄ" (Caution) ካለ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ፎቶና ሰነዶቻችሁን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ካልተገኘ ዕቃ ተውሶ መቀያየር ነው የሚቀረው። ከጓደኛ ብትዋሱ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላይ ተዋሱ፣ ከነገመዱ። የአንዱን ገመድ ለሌላው መጠቀም፣ ራሱ ቢገጥምም፣ ዕቃ ያቃጥላል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁለት ቀይራችሁ ቢስተካከል ያዳነው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ኮምፒውተሩ በሳምንት አንዴ ይጠፋ ከነበረ ደግሞ የሁለት ቀን ሰላም አያሳምናችሁ። ቢያንስ ሦስት ሳምንት እስኪያልፍ የተዋሳችሁትን አትመልሱ።