የቆየ የኦርኬስትራ ላይብረሪን አፕግሬድ ከማድረግ በፊት

የኦርኬስትራ ላይብረሪ፣ ማለትም ተቀርጸው በኮምፒውተር የሚጫወቱ የመሣሪያ ድምፆች ስብስብ፣ የአፕግሬድ ቅናሽ ሲመጣላችሁ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር አጣሩ፤ የተቀየረው ቀረጻው ነው ወይስ ማጫወቻ ሶፍትዌሩ? ቪየና ሲምፎኒክ ላይብረሪ የተባለው ኩባንያ «ሲንክሮናይዝድ» የሚላቸው እትሞች ድሮ ሳይለንት ስቴጅ በተባለው ስቱዲዮው የተቀረጹት ያው ድምፆች ናቸው፤ ሲንክሮን ፕሌየር ለተባለው ማጫወቻ ተስተካክለው የአዳራሽ ሪቨርብ ተጨመረላቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኢስትዌስት ሆሊውድ ኦርኬስትራ ኦፐስ ደግሞ የድሮውን ቀረጻ ወደ አዲስ ማጫወቻ አዛውሮ አዳዲስ ቀረጻዎችንም ጨምሯል። የማትወዱት የቫዮሊኑን ቀለም ከሆነ ማጫወቻ ብቻ የቀየረ እትም አያድናችሁም። ያስመረራችሁ ቶሎ አለመከፈቱና ሜሞሪ መብላቱ ከሆነ ግን እሱ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ቀጥሎ ያላችሁን ፈትኑ። የሻጮቹ ማሳያ በአብዛኛው የፊልም ማጀቢያ ስለሆነ የአገራችንን ሙዚቃ ለምንሠራ ለእኛ ብዙም አይነግረንም፤ በራሳችሁ ምትና ቅኝት ሞክሩት።

በቺክቺካ ጀምሩ። ስፒካቶ (በቀስት አጭር አጭር የሚመታ) ቫዮሊን ክፈቱና በ6/8 አንድ ኖታ ለአራት ባር ደጋግማችሁ አስገቡ፤ ቬሎሲቲው (የአመታቱ ኃይል) ሁሉም 90 ይሁን። እንደ ማሽን ከተንጣጣ ራውንድ ሮቢኑን፣ ማለትም ያው ኖታ ተደጋግሞ ተቀርጾ በየተራ የሚመጣበትን ቁጥር፣ እዩ። ይህ ቁጥር ለእኛ ከሌላው ሰው የበለጠ ዋጋ አለው፦ 3 ከሆነ በ6/8 ጠንካራው ምት ላይ ሁልጊዜ ያው ቅጂ ይወድቃል፤ 4 ከሆነ ግን አራቱም ይፈራረቁበታል። 3 ብቻ ያለውንም ያለ ግዢ ማዳን ይቻላል። ያንኑ ድምፅ በሁለተኛ ትራክ ጫኑ፣ ኖታዎቹን አንድ ሴሚቶን ከፍ አድርጉ፣ ቱኒንጉን አንድ ሴሚቶን ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ ኖታዎቹን በሁለቱ ትራኮች መካከል አከፋፍሉ። የጎረቤቱን ኖታ ቀረጻ ስለሚጠቀም ተጨማሪ ቅጂ እንዳገኛችሁ ነው።

ቀጥሎ ረጅም ኖታ ይዛችሁ ሞድ ዊሉን (ኪቦርዱ ላይ ያለውን መሽከርከሪያ) በ8 ሰከንድ ውስጥ ከ0 ወደ 127 አድርሱ። ድምፁ እየጨመረ ሲሄድ ቀለሙም እየበራ መሄድ አለበት። መጠኑ ብቻ ከጨመረ ዊሉ በስህተት ከኤክስፕሬሽን (መጠን ብቻ ከሚቀይረው የሚዲ መቆጣጠሪያ፣ ሲሲ 11) ጋር እንዳልተያያዘ እዩ። ካልሆነ፣ የተቀረጸው አንድ የድምፅ ደረጃ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ይህን ኢኪውም ኮምፕረሰርም አይጠግነውም። አዲስ ቀረጻ ለመግዛት ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለም።

ሌጋቶውን፣ ማለትም ኖታዎች ሳይቆራረጡ የሚያያዙበትን አጨዋወት፣ በትዝታ ፈትኑ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላን በዝግታ። ከዚያ በአንቺ ሆዬ ከዶ ወደ ሬ ፍላት፣ ከሬ ፍላት ወደ ፋ ተሻገሩ፤ ጠባቡና ሰፊው እርምጃ ተከታትለው ስለሚመጡ የደከመ ሌጋቶ እዚህ ይጋለጣል። ኖታዎቹ በጥቂቱ ካልተደራረቡ ግን ሌጋቶው ከነጭራሹ አይነሳም። መዘግየቱም ጉድለት ላይሆን ይችላል፦ ሲነማቲክ ስቱዲዮ ስትሪንግስ የተባለው ላይብረሪ እንደ ቬሎሲቲው በ333፣ በ250 ወይም በ100 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። ኖታዎቹ በዚያው ልክ ቀደም ብለው እንዲጀምሩ ወደ ግራ ሳቧቸው። ኖታውን ግሪድ (የምት መስመር) ላይ ለጥፎ «ይዘገያል» ብሎ ላይብረሪ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ሲጫወት የሚንቀጫቀጥ ከሆነ ዲስኩን ጠርጥሩ። 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ የሆነ አንድ ስቴሪዮ ድምፅ በሰከንድ 288 ኪሎባይት ያነባል፤ በአንድ ጊዜ የሚሰማ 100 ድምፅ 29 ሜጋባይት ገደማ፣ በሦስት ማይክ ቀረጻ ደግሞ 86 ይደርሳል። የሚሽከረከር ዲስክ ይህን ከመቶ ቦታ እየዘለለ ማንበብ ያቅተዋል። ኤስኤስዲ ገዝታችሁ ላይብረሪውን አዛውሩ፤ ኮንታክት በተባለው ማጫወቻ ላይ ፕሪሎድ በፈሩን (ከእያንዳንዱ ድምፅ አስቀድሞ ሜሞሪ ላይ የሚጫነውን) ከ60 ወደ 12 ኪሎባይት ስታወርዱት ሜሞሪም ይተርፋችኋል።

ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ ወይም ሰበታ ለሚሠራ ሰው ማውረዱ ራሱ ሌላ ወጪ ነው። የስፒትፋየር ቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ፕሮፌሽናል እትም 600 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ሳይቋረጥ በሚሰጥ 10 ሜጋቢት መስመር 133 ሰዓት፣ አምስት ቀን ተኩል ይፈጃል። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን ራውተሩም ዩፒኤስ ላይ ይኑር። አንዳንድ ማውረጃዎች ሲፈቱ የላይብረሪውን እጥፍ ክፍት ቦታ ስለሚጠይቁ የዲስካችሁን ቦታ አስቀድማችሁ እዩ። ላፕቶፕና ውጫዊ ኤስኤስዲ ይዞ ጥሩ መስመር ወዳለበት መሄድ ብዙ ጊዜ ይሻላል። የዚሁን ላይብረሪ ትንሿን ዲስከቨር እትም አስቀድሞ መሞከር ደግሞ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ዋጋው በዶላር ነው፤ ምንዛሪው በገበያ መወሰን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአምናው ስሌት አይሠራም። በኅዳር አጋማሽ አካባቢ የብላክ ፍራይዴይ ቅናሽ ስለሚመጣ አጣዳፊ ሥራ ከሌላችሁ ጠብቁ። የተገዛ ፈቃድ በአብዛኛው ለሌላ ሰው አይሸጥምና ከሻጩ ማሳያ ሌላ ምንም ሳትሰሙ አትክፈሉ። የተደበቀ ወጪም አለ፦ ለአዲስ ኮንታክት የተሠራ በአሮጌው አይከፈትም፤ ሙሉ ኮንታክት የሚፈልግ ላይብረሪም በነፃው ፕሌየር ከ15 ደቂቃ በኋላ ይቆማል።

አፕግሬዱን ከመጫናችሁ በፊት ያልተጠናቀቁ ሥራዎችን በየትራኩ በ24 ቢት ዌቭ አውጡ። ኪስዊቹም (አጨዋወት የሚቀይሩት ቁልፎች) የሌጋቶው መዘግየትም ስለሚለያይ አዲሱ የድሮውን ፕሮጀክት እንዳለ አይጫወተውም። አሮጌውን ላይብረሪ በውጫዊ ዲስክ አስቀምጡት እንጂ አታጥፉት።