የፍሬን ዲስኩን ቶርኖ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ውፍረቱን አስለኩ

ፍሬን ስትይዙ ፔዳሉ ከእግራችሁ ስር ከተንቀጠቀጠ ወይም መሪው እጃችሁ ላይ ከተርገበገበ፣ የፍሬን ሸራ ብቻ ቀይራችሁ አትለፉት። ሸራው የሚጨብጠውን ዲስክም አሳዩ።

አብዛኛው ዲስክ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊሜትር ተጽፏል፣ ዝገቱን ጠረግ አድርጋችሁ ፈልጉት። 22 ይላል እንበል፤ ሲለካ 22.2 ከሆነ ቶርኖ ላይ ትንሽ ሲላጥ ከ22 በታች ሊወርድ ስለሚችል ለቶርኖው የምትከፍሉት ብር ከንቱ ነው፣ በአዲስ ቀይሩት። መካኒኩ ሲለካ ደግሞ ጠርዙ ላይ ሳይበላ የቀረውን ከፍታ ሳይሆን ሸራው የሚነካውን ቦታ፣ ያውም ዙሪያውን የተለያየ ቦታ ላይ ይለካ። ውፍረቱ በቂ ሆኖ ችግሩ ጭረት ወይም ወጣ ገባ ብቻ ከሆነ ማስላጡ ያዋጣል። እስከ ጠርዙ የደረሰ ስንጥቅ ካለው ግን ድርድር የለም፣ ይጣል።

የግራውን ስትቀይሩ የቀኙንም አብራችሁ ቀይሩ፣ አለዚያ ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሊጎትት ይችላል።

እንደ አባይ በረሃ ያለ ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ እባካችሁ እንደ ሁለተኛ ባለ ከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ወርዳችሁ ስትቆሙም የጋለው ዲስክ ላይ ውሃ አትድፉ፣ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።