የካውንስል ቤት ከመጠበቅዎ በፊት የቦሮዎን ሂሳብ እንዴት እንደሚሠሩ

ለንደን ውስጥ ሐበሾች ስለ ካውንስል ቤት፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር በርካሽ ስለሚያከራየው ቤት፣ ካነሱ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ዓመት ጠበቅሽ?» ነው። መልሱ ግን ለሌላው ብዙም አይጠቅምም። አንዷ ካምደን ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ጠይቃ በሕመም ምክንያት ቅድሚያ አግኝታ ይሆናል። ሌላዋ ብሬንት ሆና ባለ አራት መኝታ ትጠብቃለች። ከተማዋ ቦሮ የሚባሉ 32 ወረዳዎች አሏት፤ እያንዳንዱ የራሱ ካውንስል (አስተዳደር)፣ የራሱ ደንብና የራሱ ገበያ አለው። ስለዚህ የራስዎን ካውንስል ይመርምሩ።

መጀመሪያ መመዝገብ ይችሉ እንደሆነ ያረጋግጡ። የስደተኝነት እውቅና ወይም ቋሚ መኖሪያ ያለው ሰው በመሠረቱ ማመልከት ይችላል። ፈቃዱ ላይ የመንግሥት ድጋፍ እንዳያገኝ ገደብ የተጻፈበት ሰው ግን በተለመደው መንገድ አይመዘገብም። ከዚያ የነዋሪነት ጊዜ አለ፤ አንዳንዱ ቦሮ 3 ዓመት፣ ሌላው 5 ዓመት ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ የሚገኘው በካውንስሉ የቤት ድልድል ደንብ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቤቶች ሕግ ካውንስሉ ደንቡን ለሕዝብ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ሰነዱ ረጅምና አሰልቺ ነው፤ ሙሉውን አያንብቡ። ማን ይመዘገባል፣ ስንት መኝታ ይገባዋል፣ ቅድሚያ ለማን ይሰጣል የሚሉትን ክፍሎች ብቻ ይፈልጉ።

የመኝታ ቁጥሩን በራስዎ ግምት አይሙሉ። 10 ዓመት ያልሞላቸው ወንድና ሴት ልጆች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፍል ይጋራሉ ተብሎ ነው የሚሰላው። ለጥየቃ መጥተው የከረሙ እናትም አይቆጠሩም፣ ስድስት ወር ቢቀመጡም እንኳ።

ቅድሚያው በብዙ ቦታ በባንድ (በደረጃ) ይለያል፤ ካምደን በነጥብ ይሠራል። ቤት የሌለው፣ ተጨናንቆ የሚኖር ወይም በጤና ምክንያት መዛወር ያለበት ሰው ሕጉ ራሱ ቅድሚያ ይሰጠዋል። የጥበቃ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው እኩል ቅድሚያ ባላቸው ሰዎች መካከል ነው። አሥር ዓመት የጠበቀ ሰው ትናንት በተመዘገበ ሰው የሚቀደመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ። ቢድ የሚደረግባቸው፣ ማለትም አመልካቹ ለወጣ ቤት ፍላጎቱን የሚያስመዘግብባቸው፣ ብዙ ካውንስሎች የወጡትን ቤቶች ውጤት ያወጣሉ፦ ስንት መኝታ፣ ስንት ሰው ቢድ አደረገ፣ ያገኘው ሰው ባንዱና የተመዘገበበት ቀን። ያለፉትን ወራት ውጤት ይክፈቱና የእርስዎን መጠን ቤቶች ብቻ ወረቀት ላይ ይጻፉ። በእርስዎ ባንድ ያገኙት ሰዎች በ2014 የተመዘገቡ ከሆኑና እርስዎ በ2022 ከገቡ፣ መልሱ ከፊትዎ ነው። የእርስዎ ባንድ ዝርዝሩ ላይ ጭራሽ ከሌለም እሱ ራሱ መልስ ነው። ቢድ ላይ «4ኛ ወጣሁ» ማለት ግን ወረፋዎ ደረሰ ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ የዚያ አንድ ቤት ብቻ ነው።

የካውንስል ቤት ለምን ብርቅ ሆነ? ተከራዮች የካውንስል ቤታቸውን በቅናሽ እንዲገዙ ከ1980 ጀምሮ በመፈቀዱ በእንግሊዝ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት ተሸጧል። በምትኩ የተሠራው ከዚያ በጣም ያንሳል። በ2024 ለንደን ውስጥ ብቻ ከ330,000 በላይ ቤተሰቦች የጥበቃ ዝርዝር ላይ ነበሩ።

ቀጥሎ የግል ኪራይን ያመዛዝኑ። ፖስትኮድዎን አስገብተው ሎካል ሀውሲንግ አላዋንስ (ለግል ተከራይ የሚሰጠው የኪራይ ድጋፍ ጣሪያ) ለእርስዎ ስንት እንደሆነ ያግኙ። መነሻው ከአካባቢው ኪራዮች ከርካሹ በኩል 30 በመቶው ላይ ያለው ዋጋ ነው፤ ሆኖም በ2024 ከፍ ተደርጎ በ2025 አልተጨመረበትም፣ ገበያው ደግሞ አልጠበቀውም። የኪራይ ቀጠናውም ከቦሮው ድንበር ጋር አይገጥምም። ጠቅላላ ቤኔፊትዎ (የመንግሥት ድጋፍዎ) የተወሰነለትን ጣሪያ ከነካ ሙሉውን ላያገኙ ይችላሉ።

ከዚያ የኪራይ ቤቶች በሚዘረዘሩበት ራይትሙቭ ድረ ገጽ ላይ የአላዋንሱን መጠን ጣሪያ አድርገው ይፈልጉ። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ቢሮ በየወሩ የሚያወጣው አማካይ ኪራይ ለማነጻጸር ጥሩ ነው፤ ግን ነባር ተከራዮችንም ስለሚጨምር አዲስ ገቢ ከሚጠየቀው ዝቅ ይላል። ደላላው በአማካይ አያከራይዎትም!

በአላዋንሱና በኪራዩ መካከል ያለው ልዩነት ከኪስዎ የሚችሉት ከሆነ ቢዱን እየቀጠሉ በግል መከራየት ይቻላል። አሁን የካውንስል ተከራይ ሆነው ከጠበብዎት፣ ከሌላ ተከራይ ጋር ቤት መለዋወጥ ብዙ ጊዜ ከቢድ ይፈጥናል። ወደ ርካሽ ቦሮ ለመሄድ ካሰቡ ግን ሻንጣ ከማሰርዎ በፊት ይጠይቁ፤ ከቦሮው ሲወጡ ምዝገባዎ ሊሰረዝ፣ አዲሱም ቦታ ዓመት መቁጠር ከዜሮ ሊጀምር ይችላል።

አከራዩ ልቀቁ ካለዎት ቁልፉን አስረክበው አይውጡ። በፈቃድዎ ከወጡ «ሆን ብለው ቤት አጡ» ሊባሉ ይችላሉ። በ56 ቀን ውስጥ ቤት አልባ የመሆን ስጋት ካለብዎት ካውንስሉ ቤትዎ እንዳይታጣ የመርዳት ግዴታ አለበት። ወዲያው ይሂዱ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ።

ልጅ ሲወለድ ወይም ጤናዎ ሲለወጥ ፋይሉን ያሳድሱ። ኢሜይልዎንም ይዩ፤ ብዙ ካውንስሎች በየዓመቱ «አሁንም ይፈልጋሉ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ያልመለሰውንም ከዝርዝሩ ያወጣሉ።