ባለሙያው ሶፍትዌሩን ትቶ እርሳስ ሲያነሳ፦ ችግርና መፍትሄ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ስምንት ሰዓት። ቬንቲሌተሩ የሚያዞረው ትኩስ አየር ነው። እኔ ለነዳጅ ፍለጋ የሰራሁትን ሶፍትዌር ከፍቼ እጠብቃለሁ። አጠገቤ ያሉት አንጋፋ ጂኦሎጂስት ወረቀት ካርታ ላይ በእርሳስ ያሰምራሉ።

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ ተሰርቶ አለልዎት።»

«አቦ ተወኝ እስቲ!»

ምልክት፦ ባለሙያው ውጤቱን ያይና ወደ እርሳሱ ይመለሳል።

ምክንያቱ ሶፍትዌሩ ፍርድ እንጂ ማስረጃ አለማሳየቱ ነው። የእኔው «65 በመቶ፣ ቆፍር» ብሎ ዝም ይላል። ጋሼ «65 ከየት መጣ?» ሲሉኝ የማሳያቸው ኮድ ብቻ ነበር።

መፍትሄው፦ ቁጥሩ ሲነካ የመጣበት ይከፈት። የትኛው የሳይስሚክ መስመር (በንዝረት የከርሰ ምድሩ ንብርብር የተነበበበት መስመር) ነው? የትኛው ጉድጓድ? ማን ተረጎመው? ባለሙያው ካልተስማማ ቁጥሩን ለውጦ ምክንያቱን ይጻፍ፤ የድሮው ግን አይጥፋ። ነገሩ አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለማዕድን ፍለጋ የተሰራው ፕሮስፔክተር የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንኳ «ለምን?» ሲባል ያስረዳ ነበር። እኛ ባለቀለም ዳሽቦርድ ስናገኝ ረሳነው።

ምልክት፦ ሁሉም ቦታ ቆንጆ ውጤት ያመጣል።

ይሄኛውን ያገኘሁት የ65ን ሆድ ዕቃ ለጋሼ ስከፍትላቸው ነው። አራት ነገሮች የመኖራቸው ዕድል ነው፦ ጋዙ የሚፈጠርበት ምንጭ ዐለት 0.8፣ ጋዙን የሚይዘው ማከማቻ ዐለት 0.5፣ ጋዙ የሚጠራቀምበት ወጥመድ 0.6፣ እንዳያመልጥ የሚከድነው ክዳን 0.7። አማካይ ወስጄ ነበር! ጋሼ ሳቁ። «ክዳኑ ከሌለ ጋዙ ሄዷል፤ የቀረው ቢያምር ምን ሊሰራልህ?» አራቱም መሟላት ስላለባቸው ቁጥሮቹ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም። ሲባዙ 17 በመቶ አካባቢ። ያኔ ላቤ የመጣው በድሬ ሙቀት አልነበረም።

ማባዛትም ቢሆን በጭፍን አይሆንም። ወጥመዱም ክዳኑም የተነበቡት ከአንድ ደካማ የሳይስሚክ መስመር ከሆነ ጥርጣሬያቸው የተያያዘ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን ማስጠንቀቅ አለበት።

ምልክት፦ መረጃ የሌለው ባዶ ቦታ ካርታው ላይ ቀይ፣ ማለትም «ተስፋ የለውም»፣ ሆኖ ይታያል።

«አልተለካም» እና «የለም» በአንድ ዜሮ ተመዝግበዋል። ያልተለካውን ግራጫ አድርጉት፤ አለቀ።

ምልክት፦ ዋናው ዕውቀት ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ይቀራል።

ጋሼ ከቦርሳቸው የእጅ መዳፍ የምታህል የአሸዋ ድንጋይ አወጡ። ከድሬዳዋ ጥግ ካሉት ተራሮች ያነሷት የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ናት። ይኸው ዐለት ኦጋዴን ውስጥ፣ ጋዝ እንደ ፈረንጆቹ በ1973 በተገኘበት ካሉብ፣ ጥልቅ ከመሬት በታች አለ። ጋሼ ድንጋይዋን በጣታቸው ፈተጉ፤ አሸዋው ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። «ይሄን የት ልጻፈው?» አሉኝ። የእኔ ፎርም የሚቀበለው ቁጥር ብቻ ነበር።

መፍትሄው ቀላል ነው፦ ካርታው ላይ ፎቶና ነጻ ጽሑፍ የሚገባበት ቦታ መክፈት። እኛ መጀመሪያ ያስገባነው የጋሼን የእርሳስ ካርታ ነው። በስልክ ስላነሳሁት ትንሽ ጠመም ብሎ ገብቷል።