ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲከዳ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሰው ያንን ሽታ ያውቀዋል። አፍንጫ ይቆነጥጣል፣ ከተቃጠለ ጎማም ከተቃጠለ ፕላስቲክም ትንሽ ትንሽ አለበት። እኔ መጀመሪያ ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና መስሎኝ መስኮቴን ዘጋሁ። የኔው ነበር። ሁለት ሦስት ኩርባ እንዳለፍኩ ፔዳሉ ልክ ስፖንጅ እንደረገጥኩ ሆኖ ወደ ታች ሰመጠ። በሁለተኛ ማርሽና በእጅ ፍሬን እየተንገዳገድኩ ዳር ይዤ ቆምኩ። ከሳምንት በፊት ጋራዥ አስፈትሼ "የፍሬን ሸራው አዲስ ነው፣ አታስብ" የተባልኩበት መኪና ነው። ሸራውማ አዲስ ነበር።

ነገሩ የሚገባን ፍሬን ምን እንደሚሠራ ስናውቅ ነው። ፍሬን የመኪናውን ጉልበት አያጠፋውም፣ ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና በከፍታ 1,300 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት ወደ 19 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ማለት ነው። በሰዓት 80 ኪሎሜትር የሚሄድን መኪና ለማቆም ከሚያስፈልገው ጋር ሲወዳደር ደግሞ ሃምሳ ጊዜ ያህል ይሆናል። የተወሰነውን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን በእግራችሁ ብቻ ከያዛችሁት ከጎማው ጋር በሚዞሩ የሳህን ስፋት ባላቸው ዲስኮች ላይ ታራግፉታላችሁ ማለት ነው።

ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አይቆምም

ሽታ አለ፣ በደንብ ትረግጣላችሁ፣ መኪናው አይሰማም። ይሄ ዲስኩን እየፈተገ የሚያቆመው የሸራ ጉዳይ ነው። ሸራውን አጣብቆ የያዘው ሙጫ ከልክ በላይ ሲግል ጋዝ ይተፋል፣ ፍትጊያውም ይቀንሳል። ማርሽ አክብዱ (ወደ ሁለተኛ ወይም አንደኛ አውርዱ)፣ ቁሙ፣ ይብረድ። ከዚያ በኋላ ሸራው ይፈታና ይታይ። ፊቱ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ቢቀየር ይሻላል። በአሸዋ ወረቀት ፍቆ መመለስ የተለመደ ነው፣ እኔ ግን ለበረሃ መንገድ አላምነውም።

ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ሰው ላይም ፔዳሉ ይደነድናል። የፍሬኑ አጋዥ የሚሠራው በሞተሩ ነው። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ምን እንደሚባል እንጃ።

ፔዳሉ ይሰምጣል

የኔ ችግር ይሄኛው ነበር፣ የባሰውም ይሄኛው ነው። እግራችሁ የሚገፋውን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው የፍሬን ዘይት ነው፣ ዘይት ደግሞ አይጨመቅም። ሲፈላ ግን እንፋሎት ይሠራል፣ እንፋሎት ይጨመቃል። ስለዚህ የምትረግጡት አረፋ ነው።

ዘይቱ ለምን ይፈላል? የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ በጎማ ቱቦዎቹ በኩል ሳይቀር ቀስ እያለ ይገባበታል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት መስፈርቱ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ነው። ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። ከተማ ውስጥ ልዩነቱን አታዩትም። በረሃ ስትወርዱ ታዩታላችሁ።

እዚያው መንገድ ላይ ከሆናችሁ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ ርገጡ፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይመለሳል። ማርሹን አንድ በአንድ አውርዱ፣ እጅ ፍሬኑን በአንዴ ሳትስቡ ቀስ እያላችሁ ያዙ።

አታላዩ ነገር፣ ሲበርድ ፔዳሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። መካኒኩ ጋ ስትደርሱ ምንም የለበትም፣ "ፈርተህ ነው" ይሏችኋል። እኔም ተብያለሁ። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ አስቀይሩ፣ ከላይ መሙላት መቀየር አይደለም። ተከፍቶ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስም አትግዙ፣ እሱም ውሃ ሲጠጣ ነው የከረመው። ከበረደ በኋላም ፔዳሉ እንደሰመጠ ከቀረ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ የሚያፈስ ቦታ ሊኖር ይችላል፣ እንዳትነዱት።

አንድ ጎማ ብቻ ይግላል

ስትቆሙ እጃችሁን ሳትነኩ ወደ ቸርኬው አስጠጉ። አራቱንም አዳርሱ። የፊቶቹ ከኋላዎቹ ቢሞቁ ያለ ነው። ከሁለቱ የፊት ጎማዎች አንዱ ብቻ ምድጃ ከሆነ ግን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ካሊፐር ነክሶ ቀርቷል፣ ፍሬን ባትይዙም ይፋተጋል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ተፈትተው ይጸዱ፣ ግሪስ ይግባላቸው።

ከቁልቁለቱ በኋላ ፍሬን ስትይዙ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ላይ ነው ችግሩ። ይለካና ውፍረቱ ከበቃ ይላጋል፣ ካልበቃ ይቀየራል።

አነዳዱ

ከሁሉም በላይ የሚያድነው ከባድ ማርሽ ነው፣ ያውም ቁልቁለቱ ሳይጀምር የገባ። ያኔ ጉልበቱ በሞተሩ በኩል በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ እነሱ ደግሞ ሙቀት ማስወጣት ሥራቸው ነው። አውቶማቲክ የምትነዱም ያቺን ከዲ በታች ያለችውን ፊደል ተጠቀሙባት፣ ለጌጥ አይደለችም።

"ነዳጅ ለመቆጠብ" ብሎ ማርሽ አውጥቶ ፍሪ አድርጎ የሚወርደው ወዳጃችንስ? ዘመናዊ ኢንጄክሽን ሞተር ማርሽ ላይ ሆኖ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይቆርጣል። ፍሪ ስታደርጉት ነው እንዳይጠፋ ብሎ የሚጠጣው። ነዳጅም አትቆጥቡም፣ ፍሬንም ታቃጥላላችሁ።

እግራችሁን ፍሬን ላይ አስተኝታችሁ አትውረዱ። ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ በሰዓት አሥር ኪሎሜትር ያህል ሲቀንስ ልቀቁት፣ አየር ያግኘው። ባለ አየር ፍሬን ከባድ መኪና የምትነዱ ግን ፔዳሉን አታርገብግቡ፣ አየሩን ትጨርሱታላችሁ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ፣ አሁን በዝታችኋል፣ አፋፉ ላይ ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልታችሁ አትውረዱ። ሞተሩ እየያዘ የሚያመነጨው ጉልበት የሚገባበት ቦታ ሲያጣ ሥራው ሁሉ ወደ ሸራው ይዞራል። ያ የ1,300 ሜትር ቁልቁለት ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ጉልበት ይዟል፣ ቦታ ተዉለት።

የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አትድፉ፣ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ማርሽ አስገብታችሁ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉና ጠብቁ፣ ግማሽ ሰዓትም ቢፈጅ። እኔ የቆምኩ ጊዜ ሁለት ልጆች ጀሪካን ይዘው እየሮጡ መጡ፣ "ጋሼ፣ እናቀዝቅዘው?" እያሉ። ውሃውን ገዛኋቸው። ፊቴን ታጠብኩበት።